ስለ ውሃ አውሩ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ዝናቡ በግንቦት ገባ፤ መስከረም ጠብቶም አልወጣም። ወንዙ ሞልቶ የእግር ድልድዩን ወሰደው። የሰበታ የውስጥ መንገድ ጭቃ ሆነ፤ ታክሲ ከአስፋልት አልወርድም አለ። ሽንኩርት በጆንያው ውስጥ በሰበሰ። ከሰል ረጠበ። ጤፍ ተወደደ። ሰው ሳለ። ከሳሉት አንዳንዱ ዳነ፣ አንዳንዱ አልዳነም። የጥሩዬ ባል የሺጥላ አልዳነም። ነሐሴ ውስጥ ሞተ።

ጥሩዬ ልብስ ሰፊ ናት። እሷና ባሏ ከአዲስ አበባ የወጡት የቤት ኪራይ ገፍቷቸው ነው። ሲወጡ የድሮ ዕድራቸውን ተዉ፤ ሰበታ ሲደርሱ የሰፈሩ ዕድር አልተቀበላቸውም። የዕድሩ ዳኛ ክፉ ሰው አልነበሩም። «ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። አንድ ዓመት ቆዩና እናያለን» አሉ። የሺጥላ ዓመት አልቆየም። በሞተ ጊዜ ጡሩምባ የሚነፋለት፣ ድንኳን የሚተክልለት፣ ጉድጓድ የሚቆፍርለት አልነበረም።

የመጡት የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው። ከግቢው ማዶ ፎቅ ይሠራ ነበር። እዚያ የሚሠሩ የጋሞ ልጆች ጩኸቷን ሰምተው ሥራቸውን ጥለው መጡ። ከሕንፃው ሸራና ባህር ዛፍ አምጥተው ድንኳን አቆሙ። ጴንጤዎች ናቸው፤ ቢሆንም በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በዝናብ፣ መቃብር ቆፈሩ። ቄሱ ፍትሐት ሲጀምሩ ከአጥሩ ውጪ ወጥተው ቆሙ፤ ፍትሐቱ ሲያበቃ ተመልሰው አፈሩን አለበሱት። እስከ ሠልስቱ ድረስ ከሥራ ሲወጡ እየመጡ አብረዋት አደሩ። ካርታ አልተጫወቱም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩ። መሪያቸው ጌዲ የሚባል ግንበኛ ነበር፤ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልበቀለም። ፎቁ አለቀ። ልጆቹ ሥራ ወዳለበት ሄዱ። ጥሩዬ ከሐዘኗ ቀና ስትል የሉም።

የለቅሶ ብድር እንደ ሌላው ብድር አይደለም። በገንዘብ አይከፈልም፤ አስቀድሞም አይከፈልም። ለቅሶህ ላይ የተቀመጠ ሰው ለቅሶ ሲደርስበት ሄደህ ትቀመጣለህ። ሌላ መንገድ የለውም። ጥሩዬ ይህ ብድር አለባት፤ አበዳሪዋ ግን የት እንዳለ አታውቅም። ያለፈ ያገደመውን ግንበኛ ሁሉ «ጌዲ የሚባል ታውቃለህ?» ትላለች። አያውቁም። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

ዕዝራ በዚያው ግቢ የተከራየ ወጣት ነው። ጠዋት አዲስ አበባ ገብቶ ኮምፒውተር ላይ ይውላል፣ ማታ ይመለሳል። አዲስ ስልክ ሲገዛ አሮጌውን ለጥሩዬ ሰጣት፤ ቴሌግራምና ፌስቡክም አሳያት። እሷ ቶሎ አትናገርም። ስልኩን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አስቀምጣ፣ ሰው ሲነካካው እንዴት እንደሆነ እያየች ሰነበተች። ከዚያ አንድ እሁድ ጠየቀችው።

«በዚህ ነገር ዕድር መሥራት ይቻላል?»

«የምን ዕድር?»

«የተከራይ። ሰው ቤት ቢቀይር የማይለቀው። ዛሬ ሰበታ፣ ነገ ቡራዩ ቢከራይ አብሮት የሚሄድ።»

ዕዝራ ሳቀ። «ማዘር፣ ንፍሮውንም በኢሞጂ ልታበይን ነው?»

«አንተ ስም አውጣለት። ለንፍሮው አታስብ።»

«የተከራይ ጎረቤት» ብሎ ግሩፑን ከፈተው። ፌስቡክ ላይም ገጽ አበጀለት። መጀመሪያ የገቡት የግቢው ሰዎች ነበሩ፤ ቀጥሎ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ልብሱን የሚወስደው ግሩፑ ውስጥ ሲገባ ሆነ። «አልገባም ያለ ሱሪውን እየጎተተ ይሂድ» ትላለች። ሰው እየሳቀ ይገባል።

አንድ ሥርዓት አወጣች። አዲስ ገቢ ስሙን፣ የመጣበትን አገርና ቤቱ የሚገኝበትን ይናገራል፤ ከየትኛው ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ምን ቀለም ያለው በር እንደሆነ። መጻፍ ስለማትፈጥን በድምፅ ነው የምታወራው። አንዱ «ሰላም ነው ቤተሰብ» ብሎ ዝም ቢል ድምፅዋ ይከተለዋል፦ «ሰላምህን ተቀብያለሁ። በርህ የት ነው?» ይህ ነገር ቀልድ ሆነ። ወጣቶቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ «በርህ የት ነው?» ይባባሉ ጀመር።

ማታ ማታ ዕዝራ የነገረችውን ወደ ገጹ ይገለብጣል። ማን ገባ፣ ማን ወለደች፣ የት ቤት ተለቀቀ፣ ውሃ በየትኛው ሰፈር መጣ። ሰው የሚያነበው በተለይ የውሃውን ነው። በውሃው ሰበብ ግን የጎረቤቱን ስም ያውቃል። ቤት ቀይረው ቡራዩ የሄዱ ቡራዩን አስገቡ። ሱሉልታ የሄዱም ሱሉልታን። ከዓመት በኋላ ግሩፑ ውስጥ ያለው ሰው ከአንድ ገበያ ይበልጥ ነበር።

የመጀመሪያው ለቅሶ ቡራዩ ላይ ደረሰ። አንዲት የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ባሏ ሞተባት። ዕዝራ ፎቶውን ለጠፈ። የሻማ ምስል ዘነበ። «ነፍስ ይማር» የሚለው ጽሑፍ ተነቦ የሚያልቅ አልነበረም። ጥሩዬ ሁለት ታክሲ ቀይራ ስትደርስ ድንኳኑ ውስጥ ወንበሩ ይበዛል እንጂ ሰው የለም። ሟችን የሸኙት በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ሠልስቱን ተቀምጣ ተመለሰች። ለግሩፑ አንድ ድምፅ ላከች፤ አጭር ነበር።

«ሻማችሁን አየሁት። የሟች ቤት ግን ጨለማ ነበር።»

አንዳንዱ ተቆጥቶ ወጣ። አንዱ «እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው እኛን የሚቆጡ?» ብሎ ጻፈ። የሱሉልታው ኦቦ አብዶ፣ ሚኒባስ ያላቸው ሽማግሌ፣ «በርህን የጠየቀችህ ናት። ስትሞት ማን ይምጣልህ? ሻማው?» ብለው መለሱለት። ከዚያ ወዲህ ሻማ ቀረ። ለቅሶ ሲኖር ዕዝራ ስም፣ ፎቶና ሰፈር ይለጥፋል፤ ሰው ደግሞ ታክሲ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ብቻ «መንገድ ላይ ነኝ» ብሎ ይጽፋል። ሳይሳፈር መጻፍ ነውር ሆነ። ኦቦ አብዶም ለቅሶ ባለበት ቀን ሚኒባሳቸውን ከመስመር ያወጣሉ። ድንኳኑ መሙላት ጀመረ።

ጥሩዬ ያኔ ነው የራሷን ነገር ያወጣችው። ስለዚያ ክረምት፣ ስለ ጋሞዎቹ ልጆች፣ ጌዲ ስለሚባለው ግንበኛ ተናገረች፤ ዕዝራ ጻፈው። ሰው ለሰው እየላከው ጽሑፉ ከግሩፑ አልፎ ሄደ። አንድ ቀን እጅጌ እየገጠመች ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ ጥሩዬ ነዎት? ጌዲ ነኝ። ያ ልጅ እኔ ነኝ መሰለኝ።»

መርፌው ጣቷን ወጋት። «የት ነህ አንተ ልጅ?»

«ሱሉልታ። አሁን ልጅ አይደለሁም፤ ፎርማን ሆኛለሁ።» ሳቀ። «ጓደኞቼ አነበቡልኝና ሳቁብኝ። አንድ ጉድጓድ ቆፍረህ በፌስቡክ ታወቅህ አሉኝ።»

«ብድርህ አለብኝ እኮ!»

«ኧረ ይተዉት!» አለ ጌዲ እየሳቀ። «እናቴ ጨንቻ ናት። ጤነኛ ናት፣ እንሰቷን ትፍቃለች። ሚስት ገና አላገባሁም። ብድሩን ማን ላይ ሊመልሱት ነው?»

ጥሩዬ አፈረች። እውነቱን ነው። ብድሯን ልመልስ ማለት ሐዘን ይድረስብህ ማለት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ምን ስትመኝ እንደኖረች አሁን ገባት።

«በደስታ ያድርገው፤ ለሠርግህ እመጣለሁ» አለች።

«አሜን። የእኔ በር ግን ከወፍጮ ቤቱ በላይ ነው፣ አረንጓዴ» አለ። ግሩፑ ውስጥ ገባ። ብዙ አይናገርም፤ አልፎ አልፎ ስለ ውሃ ይጽፋል። ሠርግ ግን ቶሎ አልመጣም።

ጥቅምት ላይ የጌዲ እናት ጨንቻ አረፉ።

እህቱ ኤልሳቤት ስልኩን ብትሞክር ዝግ ነው። በከተማው ሌላ የምታውቀው ሰው የላትም፤ ወንድሟ ያለበትን ገጽ ግን ታውቀዋለች። ለገጹ ጻፈች፤ መልእክቱ ዕዝራ ዘንድ ደረሰ። ዕዝራ ቢሮ ነበር፣ ሥራ በዝቶበታል። ዘወትር የሚያደርገውን አደረገ። የሟች ፎቶ ስላልነበረው የጌዲን ፎቶ፣ የእናቱን ስም፣ አረንጓዴውን በር ለጠፈ። ከሁሉ ቀድሞ መድረሱ መልካም ሥራ መሰለው።

ጥሩዬ ስልኳን አነሳች። መጀመሪያ ያየችው የጌዲን ፊት ነው። እሱ የሞተ መሰላት። ፊደሉን እየለየች ስታነብ ነገሩ ገባት፤ ያኔ ደግሞ ሌላ ድንጋጤ መጣ። ለዕዝራ ደወለች።

«አጥፋው!»

«ምኑን?»

«የለጠፍከውን! አሁኑኑ!»

«ማዘር፣ ሁሌ እንደምናደርገው እኮ ነው…»

«ልጁ ግሩፑ ውስጥ አይደለም እንዴ! የእናቱን ሞት ከስልክ ያንብብ? ፎቅ ላይ እንጨት ላይ ቆሞ ያንብብ? መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው?»

ዕዝራ እስከዚያ ቀን የለጠፋቸው ሁሉ ቤታቸው ሞተው የተለቀሰላቸው ነበሩ፤ ቤተሰቡ ቀድሞ ያወቀው ሐዘን ነበር። በሩቅ አገር የሞተ ሰው ገጥሞት አያውቅም። መርዶ እንዴት እንደሆነ ያውቃል፤ አባቱ ያረፉ ጊዜ እሱንም በንጋት መጥተው ነው ያረዱት። የራሱን ያወቀ ሰው ለሌላው ረሳ። ስልክ የያዘ እጅ ይፈጥናል።

«አጠፋሁት» አለ። «ግን ሰው አይቶታል። መልስ የጻፉም ነበሩ።»

«ጌዲስ?»

«አላውቅም። ማወቂያ የለውም።»

ጥሩዬ የስፌት መኪናዋን ሸፈነች። መርዶ ነገ ማለዳ መነገር አለበት፤ ሥራ ሳይሄድ፣ ቤቱ እያለ፣ የሚይዘው ሰው በዙሪያው ቆሞ። ሰው መሰብሰብ አለበት። የምትሰበስብበት መሣሪያ ግን ግሩፑ ነው፣ ግሩፑ ደግሞ የእሱ እጅ ላይ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የሠራችው ደወል ዛሬ ሊደወል አይችልም።

«አንድ በአንድ» አለች። «በየግላቸው እንንገራቸው። ያዩትን አፋቸውን እናስይዝ፤ ሱሉልታ ያሉትን ለጠዋት እንጥራ። አንተ ጻፍ፣ እኔ ልደውል።»

መጀመሪያ ኤልሳቤት ዘንድ ደወለች፤ ስልኩ ቢከፈት እንኳ እንዳትነግረው በአደራ ያዘቻት። ልጅቷ እያለቀሰች እሺ አለች። ቀጥላ ኦቦ አብዶን አገኘች።

«አካም ኦቦ አብዶ፣ ሰምተዋል?»

«አይቻለሁ ልጄ። አፌን ይዤ ተቀምጫለሁ። ማታ እኔ ቤት ነይና እደሪ። የልጁን ጸሎት ቤት ሰዎች እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ከቀትር በኋላ ዕዝራ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አመጣ። «ማዘር፣ ግሩፑ ጸጥ አለ። አንድም ሰው አይጽፍም። ሁሉም አፍሮ ዝም ብሏል።»

ጥሩዬ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበረች። አሰበች። ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ የሚውል ግሩፕ ድንገት ዝም ካለ ልጁ ይጠረጥራል።

«ስለ ውሃ አውሩ በላቸው» አለች።

«ምን?»

«እንደ ወትሯችሁ ሁኑ በላቸው። ስለ ውሃ አውሩ።»

እነሱም አወሩ። አንዱ ከቡራዩ «ውሃ መጣ እንዴ?» አለ። ሌላዋ «በሕልምህ ነው» ብላ መለሰች። አንዱ ያገለገለ ሶፋ ልሸጥ አለ፤ ሌላው «የሰው ገላ የጠገበ ሶፋ» ብሎ ተረበው። ከላይ ቀልድ ነው። ከሥሩ በየሰዉ ስልክ ሌላ መልእክት ይመላለሳል፦ ነገ ማለዳ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ነጠላ ይዛችሁ። ያን ያህል ሰው አንድ ነገር እያወቀ አንድም አፍ አልከፈተም። ጥሩዬ በሚኒባሱ መስኮት በኩል የእንጦጦን ቁልቁለት እያየች ስልኳን በእጇ ጨብጣ ሄደች። ስትፈልገው የኖረችው ቀን መጥቷል። እንዲህ ሆኖ እንዲመጣ አልፈለገችም ነበር።

ሊመሽ ሲል ጌዲ ራሱ ጻፈ። «ሱሉልታም ውሃ የለም።»

ዕዝራ ወዲያው ደወለ። «አላየም! ማዘር፣ አላየም!»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

ሱሉልታ በጥቅምት ብርድ ነው። ሊነጋጋ ሲል ወፍጮ ቤቱ ጋ ሰው ቆሟል፤ ጋቢ የለበሰ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀ፣ በካቦርት የተጠቀለለ። ከቡራዩ የመጡ አሉ፤ ከጫንጮ የመጡ አሉ። የልብስ ፋብሪካዋ ሠራተኛ፣ ባሏ የሞተባት፣ መጥታለች። የጸሎት ቤቱ ሰዎች በአንድ ወገን ቆመዋል። ዕዝራ ከሰበታ በመጀመሪያው ታክሲ ደርሶ ጥግ ይዟል፤ ቀና ብሎ ሰው አያይም። ኦቦ አብዶ ዱላቸውን ተመርኩዘው «አካም ቡልተኒ» እያሉ በሹክሹክታ ይቀበላሉ።

«ማን ይንገረው?» አሉ። ደንቡ ሽማግሌ ነው።

«እኔ» አለች ጥሩዬ።

ወደ አረንጓዴው በር ወጡ። ሳታንኳኳ በፊት በሩ ተከፈተ።

ጌዲ ኮት ለብሶ ቆሟል። ጢሙ ሙሉ ሆኗል። ከኋላው ግቢው ተጠርጓል፤ አግዳሚ ወንበሮች ከጎረቤት መጥተው በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። እንጀራው፣ ውሃው በጄሪካን፣ ሁሉ ተዘጋጅቷል። ዓይኑ ቀልቷል።

ጥሩዬ ወንበሮቹን አየች። እሱን አየች።

«እንደምን አደሩ እትዬ» አለ ጌዲ። «ይግቡ።»

አልገባችም። «አንተ… አውቀህ ነው?»

«ይንገሩኝ» አለ።

«ልጄ…»

«ይንገሩኝ እትዬ። የሚነግረኝ ሰው ስጠብቅ ነው ያደርኩት።»

ጥሩዬ እጁን ያዘች። እጁ እንደ ድንጋይ ጠጣር ነው፣ የግንበኛ እጅ። «ጌዲ ልጄ» አለች፤ «እናትህ አርፈዋል።»

ያኔ «እናቴን!» ብሎ ራሱን ወደ መሬት ጣለ። ኦቦ አብዶ በአንድ ወገን፣ ዕዝራ በሌላው ያዙት። ሴቶቹ ጮኹ። የጸሎት ቤቱ ሰዎች መዝሙር አነሱ። ጥሩዬ በአገሯ ልማድ ታለቅሳለች፣ እነሱ በእነሱ ይዘምራሉ፤ አንዱ ሌላውን ዝም በል አላለም።

ቀን በቀን ሰው መጣ። «መንገድ ላይ ነኝ» የሚለው አሁን በግሩፑ በግልጽ ይጻፋል። ጥሩዬ ከቤቱ አልወጣችም። ሰው ስታስገባ፣ ሰው ስትሸኝ ዋለች፤ ስታድርም ከሐዘንተኛው ራስጌ አልራቀችም። ዕዝራ ውሃ ይቀዳል፣ ወንበር ይሸከማል። በሠልስቱ ሰው ሲቀንስ ድፍረት አገኘና ጌዲ አጠገብ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ የለጠፍኩት» አለ። «ይቅርታ አድርግልኝ።»

«አይቼዋለሁ» አለ ጌዲ። «ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር፤ ከሥራ ልወጣ ስል ከጓደኛዬ ቻርጅ አድርጌ ከፈትኩት። ጽሑፉ እናንተ ዘንድ ጠፍቷል፣ መልእክት መግባቱን የሚያሳየው ማስታወቂያ ግን ስልኬ ላይ ቆሞ ቀርቷል። የእናቴ ስም ነው። ለእህቴ ልደውል አልኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ግሩፑን ከፈትኩ። ስለ ውሃ ታወራላችሁ።»

ዕዝራ አንገቱን ደፋ።

«ትንሽ ቆይቼ አየሁት» አለ ጌዲ። «ስለ ውሃ የሚያወሩት ሰዎች እኮ ውሃ ሰፈራቸው የመጣላቸው ናቸው። ያኔ መርዶውን ደብቃችሁ ራሳችሁ ልትነግሩኝ እንደምትመጡ ገባኝ። እኔም ስለ ውሃ ጻፍኩ። ወንበር ተዋስኩ። ብቻዬን ካለቀስኩማ ለምን መጣችሁ?»

ከዚያ ወዲያ ዕዝራ የለቅሶ ነገር ሲደርሰው አይለጥፍም። አስቀድሞ «ባለቤቱ ሰምቷል?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ በግሩፑ ሕግ ሆኖ ከላይ ተሰክቷል።

ጥሩዬ ልትሄድ ስትነሳ ጌዲ አብሯት ወጣ። ወፍጮ ቤቱን አለፉ። ነፋስ ነበር። ጋቢውን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለ፤ አልመለሰችለትም። አስፋልቱ ዳር ኦቦ አብዶ ሚኒባሱን አስነስተው ይጠብቃሉ።

«ሲደርሱ ይደውሉልኝ» አለ ጌዲ።

«እሺ» አለች።

በሩ ተዘጋ፤ መኪናው ወደ እንጦጦ ዞረ። ስለ ብድር ሁለቱም አላነሱም። ተመልሷል።